ሶላር ለደጋ አይሆንም? ከመንዝ የተነሣ ጥያቄና 24 መልሶች

መነሻው ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ሰዎች። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ የተወለድኩት ግን መንዝ ነው፣ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ ሲኬድ ጓሳ አቅራቢያ ባለች ቀበሌ። እስካሁን መብራት አልገባላትም። 60 አባወራ ሆነን ማኅበር አቋቁመናል፤ ገንዘብም እያዋጣን ነው። ሐሳባችን አንዲት ትንሽ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ተክለን ወፍጮውን ከናፍጣ ማላቀቅ፣ በየቤቱ አምፖል ማብራት፣ የጤና ኬላውን የክትባት ፍሪጅ ማስነሣት ነው። አንድ ሻጭ የዕቃ ዝርዝር ሰጥቶናል፦ ባለ 550 ዋት 40 ፓኔል፣ አንድ ኢንቨርተር (የፓኔሉን ኤሌክትሪክ ለቤትና ለሞተር ወደሚስማማ የሚለውጥ ዕቃ)፣ የሊቲየም ባትሪ። ፓኔሎቹ ሃያ ሃያ ሆነው በሁለት መስመር በተከታታይ ይያያዛሉ ተብሎ ተጽፏል።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበን ሳለ አንድ የምናከብራቸው አባት ተነሥተው ነገሩን አስቆሙት። ሶላር የቆላ ዕቃ ነው አሉ። ፀሐይዋ ድንጋይ በምታግልበት በሸዋ ሮቢት ቢሆን እሺ፤ በቀትር ጋቢ የማናወልቅ ሰዎች ግን በምን ሙቀት መብራት እናወጣለን ሲሉ ጠየቁ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ የማኅበሩ ሒሳብ ያዥ ነኝ እንጂ የኤሌክትሪክ ሰው አይደለሁም፤ መልስ አልነበረኝም።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው። ብርዳችን ያሰናክለናል ወይ? 22 ኪሎዋት የተባለውስ ለ60 ቤትና ለአንድ ወፍጮ ይበቃል ወይ? ገንዘቡ በግና ገብስ ተሸጦ የተዋጣ ነው። የምታውቁትን ሳትሰስቱ ንገሩኝ።

የተሰጡት መልሶች

በቀበሌያችን ኔትወርክ የሚያገኘው ኮረብታው ላይ የወጣ ሰው ብቻ ነው። ክሩን፣ ማለትም የመልሶቹን ተከታታይ ጽሑፍ፣ ወርዶ ማንበብ የማይችል ሁሉ እንዲከታተል የተባለውን በራሴ ቃል ጽፌ እዚሁ ከመነሻው ሥር አኑሬዋለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ የሚነበበውም ይኸው ነው።

1ኛውን መልስ የሰጠው የሸዋ ሮቢት ልጅ ነው። በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶ ከአባታችን ጋር ተስማማ። ቤቱ ጣሪያ ላይ ሁለት ፓኔል እንዳለው፣ ሙቀቱ ስለማያልቅ መብራቱም እንደማያልቅበት ነገረን። ለደጋ ሰው ግን ገንዘቡን ሳያወጣ ደጋግሞ እንዲያስብ መከረ።

2ኛውን የጻፉት ደብረ ብርሃን ፊዚክስ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው። ፓኔሉ የሚፈልገው ብርሃን እንጂ ሙቀት አይደለም ብለው ጀመሩ። ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ ውኃ የሚያሞቀውም መብራት የሚያወጣውም በአንድ ስም ሶላር ስለሚባሉ ሰው ይደባለቅበታል፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። መብራት የሚያወጣው ከሲሊከን የተሠራ ነው፤ ሲሊከን ከአሸዋ ተነጥሮ የሚገኝ ነገር ነው። በስሱ ተቆርጦ በአንዱ ፊቱ ጥቂት ፎስፈረስ፣ በሌላው ጥቂት ቦሮን እንዲገባበት ይደረጋል። ሁለቱ በሚገናኙበት ድንበር ላይ ኤሌክትሮንን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚገፋ ኃይል ይፈጠራል።

ይህንን መምህሩ በበግ በረት መሰሉት፤ ለመንዝ ሰው ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላውቅም። በጎቹ ኤሌክትሮኖቹ ናቸው። በጨለማ ሁሉም በየቦታቸው ተኝተዋል። ብርሃን እንደ እረኛ ገብቶ አንዷን ሲነካት ትነሣለች። የበረቱ በር የሚከፈተው ወደ ውጭ ብቻ ስለሆነ አንዴ ከወጣች በመጣችበት አትመለስም፤ ወደ ቦታዋ ለመግባት በገመዱ መንገድ ዙሪያውን መሄድ አለባት። በምትዞርበት መንገድ ላይ አምፖል ብናኖር አምፖሉ ይበራል፣ ሞተር ብናኖር ሞተሩ ይዞራል። በጓ አላለቀችም፣ ሲሊከኑም አልተቃጠለም። ናፍጣ ሳይጨመርበት ፓኔሉ 25 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። አንዷ ሕዋስ፣ ማለትም አንዷ ስስ የሲሊከን ቁራጭ፣ የምትሰጠው ከ0.6 እስከ 0.7 ቮልት ስለሆነ ብዙዎቹ በተከታታይ ይያያዛሉ፤ የእኛ ፓኔል በ72 ሕዋስ ልክ ተያይዞ ወደ 50 ቮልት የሚደርሰው እንዲሁ ነው።

ጉልበቱ ያነሰ ብርሃን በጓን ሳይቀሰቅስ ያልፋል፤ ጉልበቱ የበዛው ደግሞ ትርፉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ስለዚህ የዛሬ ፓኔሎች ካረፈባቸው ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያደርጉት ከመቶ 20 እስከ 22 ያህሉን ብቻ ነው። መምህሩ ጥንቱንም አነሡ። ኤድሞን ቤክሬል የተባለ ፈረንሳዊ ብርሃን ኤሌክትሪክ እንደሚያስነሣ ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። ለሥራ የሚበቃ የሲሊከን ሕዋስ አሜሪካ በቤል ላብራቶሪ እስኪሠራ ግን 1954 ደረሰ፤ ያኔ የሚለውጠው ከመቶ 6 ያህሉን ነበር።

ወደ አባታችን ጥያቄ ሲመለሱ ነገሩን ገለበጡት። ሙቀት ሲበዛ ያ የሚገፋው ኃይል ይደክማል፣ ቮልቱም ይወርዳል። ፓኔሉ ጀርባ ላይ የተጻፈው 550 ዋት የተለካው የሕዋሱ ሙቀት 25 ዲግሪ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ብርሃን 1,000 ዋት ሆኖ ነው። ከ25 በላይ ለያንዳንዷ ዲግሪ ከመቶ 0.35 ገደማ ይቀንሳል። ሸዋ ሮቢት አየሩ 33 ዲግሪ ሲሆን ፀሐይ የመታው ሕዋስ 60 ይደርሳል፤ መንዝ አየሩ 15 ሲሆን ሕዋሱ 42 አካባቢ ይቆያል። በእኩል ብርሃን ያው ፓኔል ቆላ 483 ዋት፣ እኛ ዘንድ 517 ዋት ይሰጣል ማለት ነው። ከፍታው ደግሞ ይጨምርልናል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ብርሃኑ ብዙ ሳይባክን ይደርሰናል። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሆኜ አጨበጨብኩ።

በ3ኛው የሸዋ ሮቢቱ ልጅ ተመልሶ መምህሩን አመሰገነ። በግንቦት ቀትር ማራገቢያው ለምን እንደሚደክምበት አሁን ገባኝ አለ። ተሳስቻለሁ ብሎ በአደባባይ መጻፍ ለብዙ ሰው ከባድ ነው፤ እሱ በሁለት መስመር ጨረሰው።

4ኛው ግን ቁጣ ነበረበት። ጸሐፊው ጣርማ በር አካባቢ የሚሠራ ኤሌክትሪሺያን ነው። የመምህሩን ሒሳብ የጥቁር ሰሌዳ ሒሳብ አለው። በክረምት ጉም ከደብረ ሲና ገደል ሽቅብ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ ሲተኛ መኪና መብራት አብርቶ እንደሚሄድ፣ እንዲህ ባለው ቀን ፓኔል ከተጻፈበት አንድ አሥረኛውን ቢሰጥ ትልቅ ነገር እንደሆነ፣ በብርድ ያገኘነውን ትርፍ ደመና በአንድ ሳምንት እንደሚበላው አስረዳ። መምህሩ በ5ኛው አልተቆጡም። ልክ ነህ ብለው ሐምሌንና ነሐሴን መዝለላቸውን አመኑ፤ ማመንጫ የሚለካው በታኅሣሥ ብሩህ ቀን ሳይሆን በሐምሌ እንደሆነም ጨመሩ። ከሁለቱ የተማርኩት ብርዱ ጥፋተኛ እንዳልሆነ፣ መፍራት ያለብን ደመናውን እንደሆነ ነው።

6ኛው በትንንሽ የገጠር ማመንጫዎች ጥገና ላይ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ኪሎዋትና ኪሎዋት ሰዓት መለየታቸውን በምንጭ ውኃ አስረዳ። ኪሎዋት የምንጩ አወራረድ ውፍረት ነው፤ ኪሎዋት ሰዓት ማታ ቤት የገባው የእንስራ ብዛት ነው። ሻጭ የሚነግረን ውፍረቱን ሲሆን የሚያበላን ግን እንስራው ነው። ከዚያ አሰላው። የቀኑ ብርሃን ሁሉ ቢሰበሰብ የ5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ያህል ይሆናል ብንል፣ በገመድ፣ በሙቀት፣ በአቧራና በኢንቨርተር የሚባክነውን ሩብ ቀንሰን 22 ኪሎዋቱ በቀን 82 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። በክረምት 3 ሰዓት ብንይዝ 49 ተኩል። ወጪው ደግሞ እንዲህ ነው፦ ባለ 10 ኪሎዋት የወፍጮ ሞተር 4 ሰዓት ቢፈጭ 40፤ በ60 ቤት ሦስት ሦስት ባለ 7 ዋት አምፖል 4 ሰዓት ቢበራ 5፤ ፍሪጁ 2፤ ለስልክ፣ ለሬዲዮና ለጥቂት ቴሌቪዥን 5። ሲደመር 52። በበጋ ይተርፈናል፤ በክረምት የወፍጮ ሰዓት መቀነስ ግድ ነው።

7ኛው የሰላሌ ሰው 5 ሰዓት የተባለው ረፋዱ ነው ወይ፣ ከዚያ በኋላ ፓኔሉ ያቆማል ወይ ሲል ጠየቀ። 8ኛው በወጉ መለሰለት። የቀኑ ሰዓት እንዳልሆነ፣ የጠዋቱና የማታው ደካማ ብርሃን ተጨምቆ በሙሉ ፀሐይ ሲለካ የሚወጣው ድምር እንደሆነ አስረዳው። እኔም መጀመሪያ ሳነብ እንደሱ ነበር የገባኝ፤ ስለጠየቀልኝ አመሰግነዋለሁ።

9ኛው መልስ ልቤን ነካው። የጻፉት ሞላሌ ተወልደው አሁን ከልጆቻቸው ጋር አዲስ አበባ የሚኖሩ እናት ናቸው። ዝርዝሩን ሁሉ አንብበው ምጣድ የት አለ ብለው ጠየቁ። አገራቸው ሳሉ በኩበት ሲጋግሩ ጭሱ ዓይናቸውን እንዳበላሸው፣ ያ ኩበት ማሳው ላይ ቢወድቅ ገብሱን ያሳድግ እንደነበር፣ ወንዶች ተሰብስበው መብራት ሲሉ አምፖልና ወፍጮ እንጂ ምድጃውን እንደማያስቡት ጻፉ። 10ኛው ጸሐፊ በደረቁ ሒሳብ መለሰላቸው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ይስባል፤ አንድ ጊዜ ተጋግሮ እስኪያልቅ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ 60 ቤት በሳምንት ሁለቴ ቢጋግር በቀን ወደ 86 ይመጣል፣ ይህም ማመንጫው በጥሩ ቀን ከሚሰጠው ይበልጣል። ስለዚህ ሕልም ነው ብሎ ዘጋው።

ሒሳቡ ትክክል ነው፤ አነጋገሩ ግን እናትን የሚመልሱበት አልነበረም። 11ኛዋ ጸሐፊ ይህንኑ ነግራ ቆጣችው። እሷ ግን በቁጣ አላቆመችም፣ መላ ይዛ መጣች። ሦስት ምጣድ ያለው አንድ የጋራ መጋገሪያ ቤት ይሠራ፤ ሦስቱ ሲጋግሩ የሚስቡት 10.5 ኪሎዋት ከወፍጮው ጋር ተቀራራቢ ነው። ወፍጮው ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ይፍጭ፤ ምጣዱ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት፣ ባትሪ ሳይነካ በቀጥታ ከፀሐይ ይጋግር። በቀን 8 ቤት፣ በሳምንት 24 ቤት ይደርሳል። ለሁሉም በየሳምንቱ አይበቃም፤ ግን አራሶችና አቅመ ደካሞች ይቅደሙ አለች። እኚያ እናት ለ10ኛው አልመለሱለትም፤ ለ11ኛዋ ግን እግዜር ይስጥሽ ልጄ ብለው ሥሯ ጽፈውላታል። ይህ ሐሳብ በማኅበሩ ዕቅድ ውስጥ ካልገባ አልፈርምም።

ከ12 እስከ 15 ያሉት ከጉዳያችን ወጣ ያሉ ናቸው። 12ኛው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜ 2017 ተመርቆ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም እያለን በፓኔል ገንዘብ ማባከን ለምን ሲል ጠየቀ። 13ኛው በምሬት መለሰለት። ግድብ መኖሩ መስመር መኖር እንዳልሆነ፣ ከፍተኛው መስመር በራሳቸው ላይ እያለፈ በኩራዝ የሚያመሹ ቀበሌዎች እንዳሉ፣ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶና ሽቦ ገደል ለገደል መዘርጋት ሌላ ወጪ እንደሆነ ጻፈ። 14ኛው አንጎለላ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ መብራት ለአገሩ ማስገባታቸውን አንሥቶ የአባ ሳሙኤልን ማመንጫም የሳቸው ሥራ አደረገው። 15ኛው አረመው፤ በምኒልክ ዘመን ቤተ መንግሥቱን ያበራው ጄኔሬተር እንደሆነ፣ የአባ ሳሙኤል የውኃ ኃይል ማመንጫ ግን በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጊዜ እንደተሠራ ነገረው። እኔ ግድባችን ኩራቴ ነው፤ ልጆቹ ግን የሚያጠኑት ዛሬ ማታ ነው።

16ኛውን መልስ የሰጡት አንድ መሪጌታ ናቸው። ሻጩ ፓኔሎቹን በትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ወደ ምሥራቅ አዙሮ ለመትከል ማሰቡን ከጻፍኩት አስተያየት አይተው ነው የገቡበት። የቤተ ክርስቲያን ሰው የጾም ሰዓት ለማወቅ ጥላውን በጫማ ሲለካ እንደኖረ፣ ስለዚህ የፀሐይን መንገድ ከሻጭ ይልቅ እንደሚያውቅ ጻፉ። በታኅሣሥ የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ይረዝማል፤ በሰኔ ግን ፀሐይዋ ራሷ ወደ ሰሜን ታልፍና ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል። 17ኛው ቁጥር አገባበት። መሐል ሜዳ ከምድር ወገብ 10 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ስለሆነች የሰኔ ቀትር ፀሐይ ከአናታችን 13 ዲግሪ ወደ ሰሜን፣ የታኅሣሧ 34 ዲግሪ ወደ ደቡብ ትቆማለች። የዓመቱ ሚዛን የሚገኘው ፓኔሉ ወደ ደቡብ ዞሮ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሲያዘነብል ነው። ጠፍጣፋ ከተተከለ ደግሞ ዝናብ አቧራውን አያጥብልንም። እግረ መንገዱን ስለ ባሕር ዛፍም አስጠነቀቀ። በተከታታይ የተያያዙ ፓኔሎች እንደ አንድ ቧንቧ ናቸው፤ አንድ ቦታ ቢጠብ የሁሉም ፍሰት ይጠባል። በየፓኔሉ ውስጥ ያሉት ማሳለፊያ ዳዮዶች የተጠለለውን ክፍል ዘለው ያልፋሉ እንጂ የጠፋውን አይመልሱም። ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ያሉት ባሕር ዛፎች ከሰዓት በኋላ ጥላ እንደሚጥሉ እኔው አውቃለሁ። ቦታ መቀየር አለብን።

ከዚያ 18ኛው መጣ። ሰላምታ የለው፣ እንደምን አደራችሁ የለው። ሃያ ፓኔል በአንድ መስመር ማን አለ ብሎ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ተቀየምኩት፤ አሁን ከሁሉ ይልቅ የማመሰግነው እሱን ነው። የአንዱ ፓኔል ክፍት ቮልት፣ ማለትም ምንም ሳይሳብበት የሚለካው፣ 49.5 ነው፤ ሃያው ሲደመር 990 ይሆናል። ኢንቨርተሩ የሚችለው ከፍተኛው ደግሞ 1,000 ቮልት እንደሆነ እኔው በለጠፍኩት ዝርዝር ላይ ተጽፏል። በወረቀት ይገባል። ነገር ግን 990 የተባለው በ25 ዲግሪ ነው። ሙቀት ቮልትን ያወርዳል ካልን ብርድ ያወጣዋል፤ ለያንዳንዷ ዲግሪ ከመቶ 0.27 ገደማ። ውርጭ በወረደበት ንጋት ሕዋሱ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ሲሆን 990ው 1,070 ይደርሳል። አደጋው የሚመጣው ፀሐይ ብቅ ስትል ነው፤ መስታወቱ ገና በረዶ ነው፣ ብርሃኑ ግን ደርሷል፣ ኢንቨርተሩም ገና መሳብ አልጀመረም። በዚያች ቅጽበት የኢንቨርተሩ ሆድ ሊቃጠል ይችላል፤ ከገደቡ ስላለፍን ዋስትናውም አይሠራልንም። መፍትሔው አሥራ ስምንት አሥራ ስምንት ማድረግ ነው፦ 891 ቮልት፣ በዚያው ብርድ 963።

ይህን ሳነብ ላብ አጠመቀኝ። ውርጩን ራሴ አይቼዋለሁ። ባለፈው ታኅሣሥ እናቴን ልጠይቅ ሄጄ አድሬ፣ ገና ሳይነጋ ጤና ኬላው በር ላይ ካለችው አንዲት ትንሽ ፓኔል አጠገብ ቆሜ ነበር። መስታወቷ ላይ ደቃቅ ጨው የተነሰነሰ ይመስል ነበር። በጥፍሬ ስፍቀው ነጭ ነገር ጥፍሬ ሥር ገብቶ ወዲያው ቀለጠ። ፀሐይዋ ከጓሳ ጫፍ ብቅ ስትል የላይኛው ጠርዝ ቀድሞ ጠቆረ፣ ከዚያ ውኃው በቀጭን በቀጭኑ እየተንዠረገገ ወረደ። ያኔ ያየሁት ውበቱን ብቻ ነው።

19ኛው ጸሐፊ 18ኛውን ተቆጣው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንደሆነ፣ አዳማ ላይ ሃያ ሃያ አድርጎ ብዙ ቦታ እንደተከለ፣ አንድም እንዳልተቃጠለበት ጻፈና ክሩ በወሬኞች እየተበላሸ ነው አለ። 6ኛው ባለሙያ በ20ኛው ተመልሶ ገላገላቸው። አዳማ ውርጭ አይጥልም፤ ሃያው እዚያ መሥራቱ መንዝ ለመሥራቱ ማስረጃ አይሆንም። አያይዞም ሁለተኛ ነገር አስታወሰ። ስስ አየር ዕቃን በደንብ አያቀዘቅዝም፣ የኤሌክትሪክ ብልጭታም በቀላሉ ይዘልበታል፤ ስለዚህ ብዙ አምራቾች ከ2,000 ወይም ከ3,000 ሜትር በላይ የኢንቨርተራቸው አቅም እንደሚቀንስ በመመሪያው ላይ ይጽፋሉ። እኛ ያለነው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ያን ገጽ ሳናነብ አንግዛ።

21ኛው ስለ ባትሪው ነው፤ እዚህም ብርዱ ተከተለን። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ በብርድ ኃይል ቢሰጥም ከዜሮ ዲግሪ በታች ሳለ መሞላት የለበትም። በዚያ ብርድ ሲሞላ ሊቲየሙ ወደ ውስጥ በመግባት ፈንታ ላዩ ላይ እንደ ብረት ይለጠፋል፤ የተለጠፈው አይመለስም፣ ባትሪውም ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ሜዳ ላይ አይቀመጥ፤ ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው በጓሳ ሣር የተከደነ ቤት ይሠራለት፣ መቆጣጠሪያውም በብርድ ጊዜ መሙላትን የሚያቆም ይሁን። ዘመናዊ ዕቃ በአያቶቻችን ቤት ደኅና ይሆናል መባሉ ደስ አሰኝቶኛል።

በ22ኛው አንድ ሰው የድሮው የአሲድ ባትሪ ይሻላል ብሎ ተከራከረ፤ ርካሽ ነው፣ የትም ይጠገናል። ይህን ግን እኔ ራሴ መለስኩለት። ከዓመታት በፊት አንድ ድርጅት ለትምህርት ቤታችን ፓኔልና አራት የአሲድ ባትሪ ተክሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ ሄደ። የተጣራ ውኃ እንደሚጨመርበት ለማንም አልተነገረም። በሁለተኛው ዓመት ባትሪዎቹ ደረቁ፤ ልጆቹ ወደ ኩራዝ ተመለሱ። እስከ ዛሬ ፓኔሎቹ ጣሪያው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ለማንም አይሰጡም። አባታችን ሶላር ለእኛ አይሆንም ያሉት ይህንንም አይተው ይመስለኛል።

23ኛው እነዋሪ ወፍጮ ያለው ሰው ነው። ሞተር ከቆመበት ሲነሣ በሥራ ላይ ከሚስበው ከ5 እስከ 7 እጥፍ እንደሚስብ፣ የሱ ወፍጮ ሲነሣ የጎረቤት አምፖል ሁሉ እንደሚደበዝዝ ጻፈ። ባለ 10 ኪሎዋት ሞተር በ20 ኪሎዋት ኢንቨርተር ላይ በቀጥታ ቢነሣ ኢንቨርተሩ ራሱን ያጠፋል። ስታር ዴልታ ስታርተር የሚባለው ማስነሻ ሞተሩ ሲነሣ የሚስበውን ወደ ሲሶ ያወርደዋል፤ ከሱ የሚሻለው ግን ቪኤፍዲ የሚባለው የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ ነው፣ ሞተሩን ከዝግታ ጀምሮ ቀስ እያለ ስለሚያስነሣው። ድንጋዩ ላይ እህል ሳይለቀቅ ይነሣ የሚለውንም አደራ አለን። ሻጩ በሰጠን ዝርዝር ውስጥ ቪኤፍዲ የለም።

24ኛውን የጻፈች የጓሳ አካባቢ ልጅ ስለ ቮልት አንድም ቃል አላነሣችም። ወገኖቻችን ጓሳን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሳቸው ሕግ ሲጠብቁ እንደኖሩ፣ ሣሩ መቼ እንደሚታጨድና ከብት መቼ እንደሚገባ የሚወስኑት ራሳቸው እንደነበሩ አስታወሰች። ስለዚህ ማመንጫው ከመተከሉ በፊት የወፍጮው ቀን፣ የመጋገሪያው ተራ፣ ለመጠገኛ የሚቀመጠው ወርኃዊ መዋጮና የሚጠብቀው ሰው በጽሑፍ ተወስኖ ይለቅ አለች።

የደረስንበትን ልንገራችሁ። ለሻጩ 36 ፓኔል በሁለት መስመር፣ አሥራ ስምንት አሥራ ስምንት፣ እንዲያደርገው ጽፌለት ተስማምቷል፤ 19.8 ኪሎዋት ይሆናል፣ በጥሩ ቀን 74፣ በክረምት 44 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። በክረምት ወፍጮው በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጫል፤ መጋገሪያው በዚያ ወቅት ያርፋል። ለ2ኛውና ለ18ኛው ጸሐፊዎች ምስጋናዬ ይድረስ፤ የሁለታችሁን ጽሑፍ ለአባታችን በስልክ አነበብኩላቸው። በጉን ሰምተው ሳቁ፤ ስለ ውርጩ ስደርስ ግን ዝም ብለው አዳመጡና ብርዱን የናቀ ሰው እንዳይተክለው አዘዙኝ። ቴርሞሜትር ልኬላቸው አሁን ባትሪው በሚቀመጥበት ቤት ውስጥ በየንጋቱ እያዩ በወረቀት ይመዘግባሉ። እስከ ትናንት ያለው ዝቅተኛው 6 ዲግሪ ነው፤ በዚያው ንጋት ውጭው ከዜሮ በታች 2 ነበር።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ወፍጮ በቪኤፍዲ ያስነሣ ሰው ካለ፣ ለባለ 10 ኪሎዋት ሞተር ስንት ኪሎዋት የሚችል እንደገዛ ይጻፍልኝ። 25ኛውን እየጠበቅኩ ነው።